ሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ወረቀት

ከመስፍን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ተራ ነገር ነጭ ሽንኩርት መላጥ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ካዛንቺስ በነበረው ቤታችን ደጃፍ፣ እኔ በርጩማ ላይ እሱ ደረጃው ላይ ሆነን ሰፌዱን በመሃላችን አድርገን ተቀምጠናል። መስፍን ባለቤቴ ነበር፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ፈተና የማውጣት ልማድ ነበረው። «በጣም ስለምትወጂው ዕቃ ንገሪኝ» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ፈታኝ ድምፁን ወፈር አድርጎ። «ለማሰብ አንድ ደቂቃ አለሽ።» እኔም እንደለመድኩት በእንግሊዝኛ ስለ ሰፌዱ አወራሁለት፤ ማን እንደሰፋው፣ ከየት እንደመጣ፣ ጠርዙ እንዴት እንደተበላ። አልሳቀም፤ ፈታኝ አይስቅም። ስጨርስ «ጥሩ ነው፤ ለምን እንደምትወጂው ግን አልነገርሽኝም» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ። በማግስቱ ሰኞ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጠመኔ በእጁ እንደያዘ ወደቀ። አልተነሣም።

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ጸጉሩ የሳሳ ሰው ፊቴ መጥቶ ጎንበስ አለ። «እትዬ ስንዱ አይደሉም እንዴ?» ከድሮ ተማሪዎቻችን አንዱ ነው። ያኔ ሰማያዊ ጂንሱን እስከ እምብርቱ ታጥቆ የሚመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። ፈተናውን አልፎ ሄደ፤ አሁን ለእረፍት መጥቷል። ቲቸር ደህና ናቸው ወይ ሲለኝ፣ ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ስለነበር፣ ከሞተ ዓመታት እንዳለፉ በአጭሩ ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ። «እኚያ የምንከራከራቸው ሽማግሌስ?» አለኝ። እሳቸውም አርፈዋል አልኩት። ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስክቀመጥ ድረስ እዚያው ቆሞ ነበር። ቤቴ እንደገባሁ ወረቀት አውጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንድ መስመር ጽፌ ተነሥቼ ደጅ እቆማለሁ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም። ግቢያችን የቀበሌ ቤቶች ግቢ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር ይገባል ይወጣል፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ዝናብ ሲጥል እርስ በርስ መሰማማት የለም። ዋናው መንገድ ላይ ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ ውጭ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ያዘፍናል፤ ከሱ ቀጥሎ ሥጋ ቤቱ፣ ከሥጋ ቤቱ ቀጥሎ ከሰዓት በኋላም መጋረጃቸው ያልተገለጠ ቡና ቤቶች። ማኪያቶ ከብር ብዙም አይዘልም ነበር፤ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ ታክሲ በሳንቲም ያደርሳል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ትከሻው ስፖንጅ ያለበትን ኮቴን ለብሼ፣ ታክሲ የሞላ ቀን በመስቀል አደባባይ በኩል በእግሬ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ሴቱ ሁሉ ትከሻው የወታደር ነበር። አሁን ፎቶግራፎቹን ሳይ እኔንም ያስቀኛል፤ መስፍን ግን ያን ኮት ይወደው ስለነበር እስኪነትብ ለበስኩት።

ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። መስፍን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉ ይለወጣል። አልጋው ላይ ቆንጆ ሽፋን ይጣላል፤ ከግድግዳው ጥግ የተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ወደ መሃል ይወጣሉ፤ ቴፑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ተማሪዎቹ የባንክ ጸሐፊዎች፣ ነርሶች፣ ከዩኒቨርሲቲ አዲስ የወጡ ልጆች ነበሩ፤ ውጭ አገር ለመማር የሚጠየቀውን የእንግሊዝኛ ፈተና ለማለፍ ነው የሚመጡት። መጽሐፉ ሜክሲኮ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በክር የተሰፋ ነው፤ የየገጹ ጠርዝ ጠቁሮ አንዳንዱ ፊደል በግምት ይነበባል። የማዳመጫው ካሴት ደግሞ የቅጂ ቅጂ ነው። የተቀዳው በአሮጌ የዘፈን ካሴት ላይ ስለሆነ፣ ሁለት ፈረንጆች ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲነጋገሩ ቆይተው ዝም ሲሉ የክራር ድምፅ ብቅ ይልና ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ እንቀጥላለን። ባትሪው ሲደክም የፈረንጆቹ ንግግር እየተጎተተ እየወፈረ ይሄዳል፤ ተማሪዎቹም «ቲቸር፣ በቃ እንዲህ ይሁን፤ አሁን ገና ገባን» ይሉታል።

መስፍን ራሱም ሊፈተን የወሰነው በዚያ ሰሞን ነው። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መጨረሻ ላይ ከአንድ ፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምታውቀው እንግሊዝኛ እንዳላወቅከው ይቆጠራል፤ እንደገና መፈተን ነው። የሠርጉን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አሥሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ፈታኙ ሽበታም ፈረንጅ ነበር አለኝ። ሰውየው ከተማ ሰውን ብቸኛ ያደርጋል፣ ምን ትላለህ ሲለው መስፍን ልክ ነው አለ። አይ፣ ብቸኛ የሚያደርገውስ ገጠር ነው የሚሉም አሉ ሲለው፣ እሱም ልክ ነው አለ። ሰውየው መንገድ እየከፈተለት፣ እሱ መንገዱን እየለቀቀለት፣ ጊዜው አለቀ።

«ታዲያ ለምን አልተከራከርከውም?» አልኩት።

«አባቴን የሚያህል ሰው ነው፤ ስንዱ። ገና ስሙን በቅጡ ሳልይዝ ላስተባብለው?»

በሌላው ሁሉ የሚበልጠው አልነበረም፤ በመናገር ግን ግማሽ ነጥብ ጎደለው። በግማሽ ነጥብ ቀረን።

መስፍን ከዚህ በኋላ ያመጣው የማስተማሪያ ዘዴ በመላው ካዛንቺስ ተወራ። የግቢያችን ጎረቤት ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ግንባራቸው ሳይቆጡም የተቆጣ የሚመስል። እንግሊዝኛ የሚባል አያውቁም። መስፍን ለምኖ አመጣቸውና የፈታኙ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ተማሪው ከፊታቸው ይቀመጣል፤ መስፍን ከኋላ ሆኖ ጥያቄውን ያነባል፤ ተማሪው የጋሽ ታደሰን ዓይን እያየ፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ በእንግሊዝኛ መቃወም አለበት። የጋሽ ታደሰ ሥራ ራሳቸውን መነቅነቅና ደስ ያላለው ፊት ማሳየት ነው። «ይኼማ ዕድሜ ልኬን ስሠራው የኖርኩት ነው» አሉ። መጀመሪያ ላይ ተማሪው ሁሉ ይንተባተባል። አንዲት ነርስ በደንብ ከተቃወመቻቸው በኋላ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል መስፍን «ነጥብሽ ወደቀ» አላት። ጋሽ ታደሰ ካፖርታቸውን ደርበው ሲወጡ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ነበራቸው።

«ዛሬስ ስንቱ ሰደበኝ?»

«አልሰደቡዎትም ጋሼ፤ ሐሳብዎን ነው የተቃወሙት።»

«እሱ አይደል እንዴ ስድብ ማለት።»

ተማሪዎቻችን ማለፍ ጀመሩ። አንዱ ሲሄድ ሁለት ይመጣል። መስፍንም ለሁለተኛ ጊዜ ተፈተነና አለፈ። ወረቀቱ የመጣ ቀን ኬክ ገዝቶ መጣ። የሚቀረው የዩኒቨርሲቲው መልስና የትምህርት ዕድሉ ብቻ ነው ተባለ። እኔም በሚስትነት አብሬው እሄዳለሁ። ካዛንቺስ ውስጥ በሻንጣ መኖር የጀመርነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ጎረቤቶች ተባብረው የቧንቧ ውኃ ወደ ግቢው ሲያስገቡ፣ እኛ ልንሄድ ነው ብለን አልገባንበትም፤ ከቦኖ መቅዳት ቀጠልን። ጣራው ሲያፈስ ባልዲ እናስቀምጣለን እንጂ ኮርኒስ አላሠራንም። በኋላ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲመጣ አገር ሁሉ ሲሰለፍ እኛ አልተሰለፍንም። የግቢው ሴቶች «ትራንዚቶቹ» የሚል ስም አወጡልን። «ትራንዚቶቹ ዛሬ ምን ሠሩ?» ይላሉ፣ በጓዳዬ በኩል ሲያልፉ፣ እንድሰማው ጮክ ብለው። ልጅም እዚያ ስንደርስ ነበር የተባለው። ሁለት ዓመት ያልፋል፤ መልሱ ሲመጣ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበታል፤ እንደገና ፈተና፤ ሌላ ሁለት ዓመት። ሐኪሟ በመጨረሻ ከአሁን በኋላ መውለድ ያስቸግራል ስትለኝ ለመስፍን አልነገርኩትም። ያን ሰሞን እንደገና ለመፈተን እየተዘጋጀ ነበር፤ ሐሳቡ እንዲከፈል አልፈለግሁም።

ጋሽ ታደሰ የሠፈሩ እድር ዳኛም ነበሩ። በየዓመቱ መስፍንን እንዲመዘገብ ይጠይቁታል፤ እሱም በየዓመቱ ያንኑ መልስ ይሰጣል፤ ጋሼ፣ እኛ እኮ ልንሄድ ነው፣ ገብቶ መውጣት ምን ያደርጋል ይላቸዋል። አንድ ጊዜ በራችን ላይ ቆመው የመለሱለትን አልረሳውም።

«እድር የሚገባው ሊሞት ነው ያለህ ማነው? ሊቀብር ነው እንጂ።»

መስፍን ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ አባል ባንሆንም ጥሩምባው ሲነፋ ቀብር እንሄድ ነበር፤ ከኋላ ሆነን፣ እንደ እንግዳ።

ያንንም ፈተና አለፈ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገር ተገጣጠመ፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለው፤ ወረቀቱ ገና አዲስ ነው፤ ቪዛ ብቻ ቀረ። ያን ጠዋት ክራቫቱን ያሠርኩለት እኔ ነኝ። ኤምባሲው በር ድረስ ሸኝቼው፣ ከግንቡ ማዶ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲወጣ ታክሲ ይዘን ተመለስን። ቤት ገብቶ ከነኮቱ ከተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የጠየቀው ሰው በዕድሜ ከሱ ያነሰ ነበር አለኝ። ትምህርትህን ስትጨርስ ወደዚህ የሚመልስህ ምን አለ ብሎ ጠየቀው። ቤት? የቀበሌ ነው። ልጅ? የለም። ንብረት? የለም። የምትሳተፍበት ማኅበር፣ የምትታወቅበት ቦታ? የለም።

«ሁሉንም ሳልንተባተብ መለስኩ» አለኝ መስፍን። «ግራ የሚገባው እውነቱን መናገሬ ነው። ምንም የለንም እኮ፣ ስንዱ።»

እንዳይዘን ብለን ያልያዝነው ነገር ሁሉ ሳይዘን ቀረ፤ ባለመያዙም አሠረን። ዛሬ እንዲህ ብዬ ልጽፈው እችላለሁ። ያን ቀን ግን ኮቱን ተቀብዬ ሰቀልኩለትና ምሳ አቀረብኩ።

ቪዛውን እንደገና መጠየቅ ይቻላል፤ ወረቀቱም ገና ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረዋል። መስፍን በነጋታው አብረን ጋሽ ታደሰ ዘንድ እንሂድ አለኝ። እድር ልንገባ መጣን ሲላቸው ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። ሚስታቸውን ለስላሳ አስመጪ አሉ። «ልትቀሩ ነው ማለት ነው» አሉና የመስፍንን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። ያን ጊዜ ዝም ቢል፣ ለስላሳውን ጠጥተን ብንወጣ ኖሮ እላለሁ አንዳንድ ጊዜ። እሱ ግን ሐሰት አይወድም። ደብዳቤ እንደሚፈልግ ነገራቸው፤ የእድሩ ማኅተም ያለበት፣ አባል ነው የሚል፣ እሱ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉመው፣ ለኤምባሲ የሚሆን።

ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ያ ለተማሪዎቻችን የሚያሳዩት ፊት ሆነ፤ የዛሬው ግን የእውነት ነው።

«አንተ ቤት ስንት ዘመን ተቀምጬ ተሰድቤያለሁ፤ አንድ ቀን አልከፋኝም» አሉት። «ይኼ ግን ይከፋል። እድር ሰው የሚታሠርበት ነው፤ አንተ ልትፈታበት መጣህ። ሂድና አንድ ሰው ከኛ ጋር ቅበር። ከዚያ ና፣ እጽፍልሃለሁ።»

እኔ መስፍንን አየሁት። ይህን ሁሉ ሰው ያንን ፊት እያየ እንዲከራከር ያስተማረ ሰው ነው። የሚለው ነበረው፤ ጎረቤትነታችን፣ እስከዚያ ቀን ከኋላ ሆነን የሸኘናቸው ሰዎች፣ ያስተማራቸው ልጆች። አንገቱን ደፋ።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ምንም ስላልሆነበት ነው። ጥሩምባው ይነፋል፤ መስፍን አይወጣም። ቢሄድ ለደብዳቤው ብሎ ነው ይሉኛል ብሎ ፈራ። አንድ ሰው ቅበርና ና ስለተባለ፣ ከሞተ ሰው ላይ ደብዳቤ የሚጠብቅ መሆን አልቻለም። እኔ ብቻዬን ስሄድ የሱን አለመምጣት የማሳጣ ሆነብኝ፤ እኔም ቀረሁ። እድሩንም ዳግመኛ አልጠየቀም፤ ምን ብዬ፣ በየትኛው ፊቴ አለኝ። ጋሽ ታደሰ ቂም አልያዙም፤ በየሳምንቱ እየመጡ ያው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ተማሪዎቹ ይከራከሯቸዋል፤ ሲወጡም ዛሬስ ስንቱ ሰደበኝ ይላሉ። ስለዚያ ቀን ሁለቱም አላነሡም። ወረቀቱ ሁለት ዓመቱን ጨረሰ። መስፍን ዳግመኛ አልተፈተነም። መሄዳችን ቀረ፤ መቅረታችንም በቅጡ አልሆነም። በካሴቱ ቦታ ሲዲ ገባ፤ ፈተናው በኮምፒዩተር ሆነ፤ የካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ የመስታወት ሕንፃ ቆመበት። እኛ ባልዲያችንን ከሚያፈስበት ሥር እናስቀምጣለን። እሑድ እሑድ ስለ ሰፌድ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ልጅነት ጓደኛ በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል፤ እመልስለታለሁ። በአማርኛ የማንነጋገረውን አንዳንድ ነገር በዚያ መንገድ ተነጋግረናል።

የሞተ ቀን አስከሬኑ ቤት ሲገባ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ጥሩምባ የለም፤ ድንኳን የለም፤ የት እንደምጀምር አላወቅሁም። ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ መጡ። መስፍን ፊት ቆመው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ጥሩምባ ማስነፋት አልችልም፤ ደንቡ አባል ላልሆነ አይፈቅድም» አሉኝ። «እግር ግን አለኝ።»

ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ከቤት ወደ ቤት፣ እስከ ዑራኤል መታጠፊያ ድረስ፣ ራሳቸው በየበሩ እያንኳኩ መስፍን ሞተ ብለው ተናገሩ። ሰው መጣ። ለቅሶ የተቀመጡት በእነዚያው በተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነው፤ አውጥተን ግቢ ውስጥ ደረደርናቸው። ሲመሽ ዙሪያዬን ሳይ ብዙዎቹ የማውቃቸው ፊቶች ናቸው። ትዕግሥት ነበረች፤ ባንክ የምትሠራው፣ ደጋግማ ተፈትና ደጋግማ የወደቀችው። ጎኗ ያ ሁልጊዜ መጻፍ ላይ የሚጎድለው ልጅ፣ ማዶ ደግሞ ካሴቱን ሳይሰማ የሚያልበው ሰውዬ። ሁሉም የወደቁ ናቸው። እያየኋቸው እንደሆነ ትዕግሥት ገባት።

«እትዬ፣ ያለፉት እኮ እዚህ የሉም» አለችኝ። «የቀረነው እኛ ነን። ቲቸርን እኛ እንሸከማቸዋለን።»

ተሸክመውት ሄዱ። የቀበርነው ወላጆቹ አጥቢያ፣ ቂርቆስ ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ልመዝገብ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም» አልኳቸው።

ጻፉኝ። ጥቂት ዓመት ቆይተው እሳቸው ሲያርፉ ጥሩምባው ተነፋ፤ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ቀበርኳቸው። ግቢያችንም ከዚያ በኋላ ፈረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ እኔ ስላልተመዘገብኩ ቂርቆስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተሰጠችኝ። ይችም ታፈሳለች። እህቴ ደሴ ሆና ነይ ትለኛለች፤ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ እያለች ትቆጣኛለች። ጠዋት ተነሥቼ ያንኑ ቆርቆሮ፣ ያንኑ ጠባብ መተላለፊያ ሳይ፣ ታፍኜ የምሞት የሚመስለኝ ቀን አለ። ያ የኤምባሲ ሰው ዛሬ የሚመልስሽ ምን አለ ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልስለት አለኝ፤ የምሄድበት ግን የለኝም። ቤቶቹ ፈረሱ እንጂ እድሩ አልፈረሰም። በወር አንዴ ዑራኤል እንሰበሰባለን፤ ሰው ከያለበት ይመጣል።

አሁን የዚያ እድር አባል ነኝ። ስልክ ሲደወልልኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እለብሳለሁ፤ ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ፤ እቀብራለሁ።